የጫልቱ ግንባር

አምቦ፣ ማለዳ

አምቦ እኔ ዘንድ የሰነበተችውን የእህቴን ልጅ ጫልቱን ይዤ ከአምቦ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ ተነሣሁ። ደሙን የሚያሳልፈው የልቧ በር ተበላሽቶ ዳገት መውጣት አቅቷታል። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ሊጠግኑላት ቀጥረውናል። እነሱ ካመለጡን መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ጊንጪ

የጫልቱ እናት፣ እህቴ በዳቱ፣ ጎጆ ከምትባለው ከተማዋ በአይሱዙ ስትንገጫገጭ መጥታ እዚህ ጠበቀችን። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች።

«አዲስ አበባ ቅቤ ጠፋ አሉሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

አዲስ አበባ

ሐኪሟ አስረዳችን። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ልቧ ቆሞ ማሽን ሲተካው አንጎሏ ኦክስጅን ካነሰው ስትሮክ ይመታታል፤ ጎኗ ሽባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግንባሯ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ፕላስተር የመሰሉ ሁለት መለኪያዎች ይለጠፋሉ። አንጎሏ የሚያገኘውን ኦክስጅን በብርሃን ለክተው በቁጥር ያሳያሉ።

በማግስቱ አልጋዋ ሊገፋ ሲል በዳቱ ቅቤውን አወጣች። «ነጋያን ገሊ፣ በሰላም ግቢ» እያለች የልጇን ግንባር ቀባች። በአገራችን መንገደኛ እንዲህ ይመረቃል። እኔም አሜን አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ነርስ ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ተቆጥታ ወጣች። «ግንባሯን ምን ቀባችኋት? መለኪያው አልለጠፍ አለ እኮ!»

«ምርቃት ነው» አለች በዳቱ።

«እማማ፣ እግሯን መመረቅ አይቻልም ነበር?» ብላ ልትጠርገው ተመለሰች።

ቀዶ ጥገናው ተጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ያቺው ነርስ አዲስ መለኪያ ልታመጣ ስትሮጥ አየናት። «የግራው ቁጥር ወረደ። ቅቤው መለኪያውን አሳስቶት ይሁን አንጎሏ ኦክስጅን አንሶት አልለየንም» አለችን። በዳቱ ጣቶቿን በነጠላዋ ትፈትግ ጀመር።

«ያ ረቢ፣ አምላኬ! በገዛ እጄ ገደልኳት» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጣች። አዲሱም መለኪያ ያንኑ ቁጥር አሳይቷል፤ ጥፋቱ የቅቤው አልነበረም። ወደ ማሽኑ የሚሄድ አንድ ቱቦ ከጭንቅላቷ የሚመለሰውን ደም አግዶ ኖሯል። ሲያስተካክሉት ቁጥሩ ወጣ። «ግራው አንጎል የሚያዘው ቀኙን ጎን ነው፤ ጉዳት መኖር አለመኖሩን ግን ስትነቃ ነው የምናውቀው» አለችን።

ስትነቃ ነርሷ «ቀኝ እጅሽን አንሺ» አለቻት። ጫልቱ ዝም ብላ አየቻት። በዳቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው። ከዚያ ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ተነሣና ግንባሯ ላይ የቀረውን ሙጫ ማከክ ጀመረ። እኔ ትልቁ ሰውዬ አለቀስኩ።

ጎጆ

ድና እናቷ ቤት አደረስኳት። ሐኪሞቹ «ቅቤው ነው» ብለው ቢተዉት ኖሮ ምን ይዘን እንመለስ ነበር? ምክንያቱ የታወቀ ሲመስል እንኳ እንደገና መለካት ሰው እንደሚያድን ከዚህ መንገድ ተምሬያለሁ።

በዳቱ ግን ልጇ መዳኗን እስካሁን አላመነችም። ጠዋት ጠዋት «እስቲ ቀኝ እጅሽን» ትላታለች። ጫልቱም እየተነጫነጨች ታነሣላታለች።