ራሒማን ያወፈራት ኪኒን

ባለፈው ሳምንት ደሴ ሐኪም ቤት ሄጄ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሐኪም ራጄን እያየ፣ “እማማ፣ አጥንትዎ ሳስቷል። ወተት ይጠጡ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ” አለኝ። በዚህ ዕድሜ ያልሳሳ መቼ ሊሳሳ ነው ብዬ ልስቅ ስል ራሒማ ትዝ አለችኝ። ይህንኑ ነገር ጅዳ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ የተነገረው ግን ሃያዎቹን ገና ለጀመረች ልጅ ነበር።

ራሒማ ያገሬ ልጅ ናት። ሁለታችንም ሰው ቤት እየሠራን፣ ጉለይል በሚባለው ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር በተከራየነው ክፍል በዕረፍት ቀናችን እንገናኝ ነበር። ለሰርጓ አገር ልትገባ ጥቂት ወራት ሲቀራት ጭንቅ ያዛት፤ ከስታለች። ከዓረብ አገር ከስታ የተመለሰችን ሴት መንደሩ ምን እንደሚላት እናውቃለን፤ ወይ ታማለች፣ ወይ አልቀናትም። ስለዚህ ባላድ ገበያ አንዲት ሴት በላስቲክ ቋጥራ የምትሸጠውን የማወፈሪያ ኪኒን መዋጥ ጀመረች። ጉንጯ ሞላ። እጅና እግሯ እንደቀጠነ መቅረቱን ልብ ያለ የለም፤ ሁላችንም “ማሻአላህ፣ አማረብሽ!” እያልን ሳምናት።

ረመዳን ሲቃረብ፣ በዚያ በሚያጣብቅ ወበቅ፣ ያጠበችውን ምንጣፍ ልታሰጣ ስታነሣ ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ማዳሟ “ኸላስ፣ በቃ፣ ሥራ ጠልታ ነው” ብላ በሹፌር ላከችብን። የበግ አጥንት ሾርባ ቀቀልንላት፣ ወተት አጠጣናት፤ መገላበጥ እንኳ አቃታት።

ተሸክመን በወሰድናት ክሊኒክ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ራጁን ወደ መብራቱ አነሣ። “ይህ የአሮጊት አጥንት ነው፤ ፊቷን ያሳበጠው ኪኒን በልቶታል። እንደ ድሮው አትሆንም” አለ።

ራሒማ እጄን ጨበጠችኝ። “ዘሃራዬ፣ ወላሂ ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ። ኪኒኑን ካቆምኩ ከሰርጌ በፊት እከሳለሁ?”

ልመታትም ላቅፋትም ፈለግሁ። ደረጃው ላይ ወጥቼ እንደ እብድ ጮህኩ።

አገር ይዣት የገባሁት እኔ ነኝ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ እናቷ ሰው እየገፉ መጡ። ወንበሩን አላዩትም። ሁለቱን ጉንጮቿን ይዘው፣ “አልሐምዱሊላህ! ልጄ ወፈረችልኝ!” እያሉ እልል አሉ። ራሒማ ፈገግ አለችላቸው።

ሰርጉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ራሒማ ዘንቢል እንኳ አንሥታ አታውቅም። ዛሬም ከዓረብ አገር ልጅ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ፊቷን ያያል። እኔ ግን እጠብቅና፣ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ወገቧን አያለሁ።