ከሸቀጡ የበለጠ ምራቂ

የመጀመሪያ ቀን እማ ያስያዘችኝ የበርበሬ መስፈሪያ ጣሳ ነው፤ ማዕከላዊ ገበያ፣ ከድሬዳዋ መጥተን በሰው አገር በከፈትነው የቅመም ሱቃችን ውስጥ። አሥር ዓመቴ ነበር። «ሙዪና አፉን በእጅሽ ጥረጊው። ከዚያ በላዩ ምራቂ ጨምሪ፣ በሁለት ጣት ቆንጥረሽ። በእፍኝ ካደረግሽ ድሬዳዋ በእግራችን ነው የምንመለሰው!» ብላ ሳቀች።

ዛሬ ሚዛኑም፣ ክርክሩም፣ ሶማልኛውም በእጄ ነው። መጻፍም ችያለሁ፤ ደስ ሲል! በየሱቁ እናቶቻችሁን ለምታግዙ ልጆች ይህን ልጻፍላችሁ።

አንድ ሰሞን እማ ራሷ በእፍኝ ጀመረች። አትተኛም፣ ወሬዋ አያልቅም። አንድ ጣሳ በርበሬ ለገዛ ሁለት ጣሳ ሄል ትመርቃለች፤ ያን ውድ ሄል! ሰው ተሰለፈ። እየተሳሳቁ ይወስዳሉ። እኔ ጆንያ ጀርባ ተደበቅሁ፤ ፊቴ ነደደ።

ቆይታ ደግሞ ከፍራሽ አልነሳም አለች። ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ። «እናትሽስ?» ሲሉኝ «ድሬዳዋ ሄዳለች» እላለሁ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ባይፖላር ነው አለን፤ ስሜትን አንዴ ጣራ፣ አንዴ ወለል የሚያደርግ ሕመም። መድኃኒት አዘዘ። ነርሷ በር ላይ ያዘችኝና «ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ሐሙስ ከሰዓት የሚሰበሰቡ ሕመምተኞችና ቤተሰቦች አሉ። በነፃ ነው» አለችኝ። ቀትር ላይ ጫት ከገባ በኋላ ሰው ሊቅም ቤቱ ገብቶ ገበያው ጭር ስለሚል ማንም አያየንም ብዬ ተደሰትኩ።

ሐሙስ እማን ይዤ ስሄድ በሩን የከፈተችልን ኤዶ ሰዓዳ ናት! በሶማልኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የምላት፣ ዋጋ በማስቀነስ የሚያህላት የሌለ ደንበኛችን። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እማ ልትመለስ ስትል ክንዷን ይዛ «የእኔም ወንድም እንዳንቺው ነው፤ ግቢ» አለቻት።

«ስንት ነው ክፍያው?» አለች እማ።

«የለውም።»

«ምጽዋት አልፈልግም።»

«ምጽዋት ማን ሰጠሽ? ብቻ ሕመሙን ለጎረቤት ሱቅ ትናገራላችሁ። እኛ የምንገናኘው ሐሙስ ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን እፍኝሽን ማን ያያል?»

እማ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አልችልም።»

ጎረቤታችን ሽንኩርት ሻጯ እትዬ ዘህራ ናት፤ ምላሷን ገበያው ሁሉ ይፈራል። ቅዳሜ ጠዋት ፊቷ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እማ ድሬዳዋ አልሄደችም። ታማለች። ሕመሙ ሲነሳባት ነው በእፍኝ የምትመርቀው። እባክዎ ያን ጊዜ ጣሳውን ይቀበሏት።»

«ድሬዳዋ ያለች ሴት ድሪዕ ቀሚስ በረንዳችሁ ላይ ሲደርቅ እያየሁ?» አለች። ልትስቅብኝ ነው ስል ጎንበስ ብላ ከሽንኩርቱ ሥር አንድ ከረጢት አወጣች። ሄል ነው። «ያን ቀን ተሰልፌ የወሰድኩት። ለመመለስ አፍሬ ይኸው ተቀምጧል።»

ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ሕመሙ እንደገና ሲነሳ እማ እጇን ሄል ጆንያ ውስጥ ከተተች። እትዬ ዘህራ እጇን በእማ እጅ ላይ ጫነች። «በሁለት ጣት፣ እህቴ።» እማ «ምቀኛ!» ብላ ገበያው እስኪሰማ ጮኸች። እኔ ግን ጆንያ ጀርባ አልሄድኩም፤ ኤዶ ሰዓዳን ጠራሁ። መጣችና ከእማ ጋር ወደ ሐኪሙ ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ሄል ተረፈ።

በማግስቱ ኤዶ ሰዓዳ በርበሬ ልትገዛ መጣች። ታዝንልናለች ብዬ ስሸማቀቅ «ይሄ ነው ዋጋው? ቀንሺ፣ አንቺ ሌባ!» አለችኝ። ቀነስኩላት።

ሕመሙን ስናገር አሁንም አፍራለሁ፤ ግን እናገራለሁ። ምራቂ በሁለት ጣት ነው፤ ሕመም ለጎረቤት ይነገራል።