ያላጣመምኩት ስፌት

ለሠራዊቱ የሰፋሁት የበቅሎ ኮርቻ ጫካ ባሉት ታጣቂዎች እጅ ተገኘ ተብዬ አራት ወር ታሰርኩ። በደሉ ይህ ነው፤ በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።

አዳማ ካለው ሱቄ የወሰዱኝ በጠራራ ፀሐይ ነው። የታሰርንበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። አሥራ አንድ ሴቶች በጎናችን ተጣብቀን እንተኛለን፤ በጀርባ መተኛት አይቻልም። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ እንደ ምድጃ ይግላል። የስኳር መድኃኒቴ ካለቀ ሰንብቶ እግሬ መደንዘዝ ጀምሮ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መርማሪው ቆዳ፣ ወስፌና ክር ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ይስፉ። ከተያዘው ኮርቻ ጋር እናስተያየዋለን።»

«የተያዘውን አሳየኝ። የእኔ ከሆነ እነግርሃለሁ።»

«መንገሩን አይደለም የፈለግነው።»

አንዲት ፖሊስ እየጠበቀችኝ የክፍላችን በር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የምትተኛው፣ ከደራ የመጣችው ነጋዴ ከኋላዬ ተጠጋች። «አዮ» ነበር የምትለኝ፣ እናቷን እንደምትጠራው።

«አዮ፣ አጣመው ይስፉት። አይመሳሰልም ብለው ይለቁዎታል።»

«እጄ እንዴት እሺ ይለኛል?»

«ሙያ የሚያሳዩት ለማን ነው? አማች ሊመጣ ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እግሬን አየሁትና የመጀመሪያውን ረድፍ አጣመምኩት።

በእኛ ሥራ ቋጠሮ የእንስሳውን ጀርባ በሚነካው በኩል አይታሰርም፤ ጭነት ሲከብድ ይልጠዋል። እኔ ወደ ላይ አውጥቼ ከጠፍሩ ሥር እደብቀዋለሁ። ወስፌውን ይዤ አሰብኩ። በስፌቴ ከዋሸሁ፣ ኮርቻውን ማን እንደወሰደው ስናገር ማን ያምነኛል? ረድፉን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

መርማሪው ቢሮው አስጠርቶኝ የሰፋሁትንና የተያዘውን ኮርቻ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ቋጠሮውን በጣቱ ፈለገ፤ እዚያው ቦታ አገኘው።

«የእርስዎ እጅ ነው።»

«የእኔ ነው። የተረከበኝ ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰ የሠራዊቱ ሰው ነው። ሁለቱንም ጻፍ።»

ጽፎ የአሻራ ቀለም አቀረበልኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ማንበብ ግን አልረሳሁም።

«ግማሹ የታለ? የተረከበኝ ሰው የለበትም።»

«እማማ፣ አያድክሙኝ። ይፈርሙ፣ መድኃኒትዎ ይገባል።»

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ግድግዳ ተደግፌ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

ስፈታ ሁለት የእግር ጣቶቼን ሐኪም ቆረጣቸው። ዛሬም እሰፋለሁ፤ ለገበሬ እንጂ ለጦር አልሰፋም። በምን ጥፋት እንደታሰርኩ ለመጠየቅ ግን በምርኩዝ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። በቀደም አንድ ሹም ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ፋይሌን ገልጦ ብዙ አነበበ፤ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እናቴ፣ ኮርቻው ከእኛው ሠራዊት በውጊያ የተማረከ መሆኑ እርስዎ በታሰሩ በሦስተኛው ቀን ተረጋግጦ ነበር።»