ቀይ ክር የታሰረበት ገንቦ

ባለፈው ሳምንት ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ አንድ ሻጭ ሁለት ማግኔት ዘረጋልኝ። «ማዘር፣ ይቺን ቧንቧዎ ላይ ይሰሯት፤ ጀርም የሚባል ድራሹ ይጠፋል!»

«ሞክሬዋለሁ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ የአንድ ላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ ጓድ ታፈሰ፣ ማግኔት ላይ ያደረ ውሃ ባክቴሪያ አያበቅልም የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቦ ልቡ ተሰቅሎ ነበር። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈቶ አመጣ። «ሰፊው ሕዝብ በሚጠጣበት ዕቃ እንሞክረው» ብሎም ከእንጦጦ ምንጭ በሁለት ገንቦ ውሃ እንዳመጣ አዘዘኝ። ከተሳካ ለትምህርት ወደ ውጭ ከሚላኩት መካከል ስሜን ሊያስገባ ቃል ገባልኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሻንጣ ሳይቀር መርጬ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ቤታችን ማታ ገንቦዎቹን አጥቤ፣ ማግኔት ላይ የሚቀመጠው እንዲለይልኝ ከአባቴ ሸማ መሥሪያ ቀይ ክር ወስጄ አሰርኩበት። ጠዋት በመስከረም ጭቃ፣ ባሕር ዛፉ ገና ጤዛውን ሳያራግፍ፣ ከምንጩ ቀድቼ ወረድኩ።

ቀይ ክር ያለበትን ገንቦ ማግኔቱ ላይ አሳድረን፣ ከሁለቱም ውሃ ባክቴሪያ በሚያበቅሉ ሳህኖች ላይ ዘራን። ከቀናት በኋላ ሳህኖቹን ስናይ ከማግኔቱ ውሃ የተዘራው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሌላው በባክቴሪያ ተሸፍኗል። ታፈሰ አቅፎ ሳመኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ታዲያሳ!» አለች ደስ ብሏት። «ቀይ ክር ያሰርሽበት ለትልልቅ እንግዶች የሚቀርብ መስሎኝ ሌሊት ተነስቼ በወይራ አጠንኩልሽ። ወይራዬ ለአንዱ ብቻ በቃ እንጂ ሁለቱንም አጥንልሽ ነበር።»

ባክቴሪያውን የከለከለው ማግኔቱ ሳይሆን የእናቴ የወይራ ጭስ ነበር። በወይራ ጭስ ያደገ አፍንጫ የወይራ ጭስ አይሸተውም።

በማግስቱ እውነቱን ለታፈሰ ነገርኩት። «ዝም በይ፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ተጠርተዋል» አለኝ። ለእንግዶቹም የራሱን ስም ብቻ የጻፈበትን የሙከራ ሪፖርት አነበበላቸው። እነሱ ግን ሙከራው በአዲስ ገንቦ ይደገም አሉ። ተደገመ፤ ሁለቱም ሳህን እኩል አበቀለ። ያኔ ታፈሰ በስብሰባ መሐል ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፦ «ጓዲት ገንቦውን ነካክታዋለች። አሻጥር ነው!»

በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትባል ቃል የት እንደምታደርስ ሁሉም ያውቃል። የእናቴ ስም በዚያ አዳራሽ እንዲነሳ አልፈለግኩም። «እኔ ነኝ ያጠንኩት፤ ባለማወቅ ነው» አልኩ። በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ። ስሜ ግን ወደ ውጭ ከሚላኩት ዝርዝር ወጣ፤ በምትኩ የታፈሰ የእህት ልጅ ሄደች።

ማታ እናቴ ትኩስ የበቆሎ እሸት እጄ ላይ አድርጋ፣ «እንግዶቹ ውሃውን ወደዱት?» አለችኝ።

«በጣም ወደዱት፣ እማዬ።»

እስክታርፍ ድረስ አልነገርኳትም። ታፈሰ በሕይወት አለ ይባላል፤ ይህን ያንብበው። በሪፖርቱ ላይ ስሜ አልተጻፈም ብዬ ስንት ዓመት ተቆጣሁ። አሁን ሳስበው መጻፍ የነበረበት የእኔ ስም አልነበረም፤ የእናቴ የወይዘሮ አማረች ነበር።