ተሟሽቶ የመጣው ድስት

ኔልዳ ስቶከር አሮጌ ድስት ስትገዛ አንድ ሕግ ነበራት፤ ቆሻሻውን ትገዛለች። ዝገት የበላው፣ የዶሮ መጠጫ ሆኖ የከረመ፣ የሃያ ዓመት ቅባት እንደ ሬንጅ የደረቀበት ድስት ስታይ ዓይኗ ይበራል። ተፍቆ፣ ተሟሽቶ፣ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን አልፋው ትሄዳለች።

«ቆሻሻ ምንም አይደብቅም፤ የሚደብቀው ጌጡ ነው» ትላለች።

ይህን የምትለው ከመሬት ተነሥታ አልነበረም። በቴክሳስ ሰሜን ጫፍ፣ ንፋስ በማይጠፋበት ሜዳ፣ በአንድ የብየዳ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ቧንቧና የውኃ ጋን ስትበይድ ኖራለች። ጡረታ ስትወጣ የድሮ የፈረስ ጋሪ ገዛች፤ ከኋላው የሚገጠመውን የምግብ ሣጥን ራሷ ሠራችና ዕቃ መልቀም ጀመረች። ከእርሻ ጨረታ፣ ከሟች ጎተራ፣ ከመንገድ ዳር ሱቅ። ክዳናቸው ላይ ፍም እንዲያርፍ ዙሪያው ከፍ ያለ ባለሦስት እግር የብረት ድስቶች፣ ጋሪው ጎን ላይ የሚታሰር የቡና መፍጫ፣ አንጥረኛ የቀጠቀጠው ክንድ የሚያህል የሥጋ ሹካ፣ እጀታው በሽቦ የተጠመጠመ ጭልፋ። ከመቶ ዓመት ያነሰ የለም፤ ሥራ የፈታም የለም። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ድስት ለእሷ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

በየፀደዩ ታዲያ፣ ጥጆች ተይዘው በጋለ ብረት ምልክት የሚደረግባቸው ቀን ሲደርስ፣ በአካባቢው ያሉ የከብት እርባታዎች ኔልዳን ከነጋሪዋ ይጠሯታል። አርባ ሰው በድሮው ዕቃ፣ በፍም ላይ ታበላለች።

አሥራ አራት ቁጥር የተቀረጸበትን ድስት ከአንድ የገበያ ነጋዴ ያገኘችው የሮይስ ሃግድ እርባታ ሥራ ሊጀምር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ትልቅ ነው፤ ሆዱ ለአርባ ሰው ቦሎቄ ይበቃል። እንዲህ ያለ መጠን ስትፈልግ ስምንት ዓመት አልፏታል። የመስቀያ ጆሮው አንድ ጊዜ ተሰብሮ በናስ ተበይዷል፤ ብየዳው እንደ ጥልፍ የተደረደረ ነበርና በጣቷ ዳሰሰችው። እንከኑ አንድ ብቻ ነው። ነጋዴው አሟሽቶታል፤ እንደ ቁራ ላባ ያብለጨልጫል።

ሕጓን ታውቃለች። ወደ ቤት ወስዳ፣ ጥቁሩን ልጣ፣ እስከ ባዶው ብረት ድረስ መመርመር ነበረባት። ቤቷም የመመርመሪያ ወረቀት አለ፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የነካው ዕቃ ላይ ሲታሽ ቀለሙን ይቀይራል። ግን ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት፤ ልጦ እንደገና ማሟሸት ደግሞ አንድ ሳምንት ይፈጃል። በሙቅ ውኃ አጠበችው፣ ሞራ ቀባችው፣ ጋሪው ላይ ጫነችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ጥጆቹ ምልክት በሚደረግባቸው ቀን ከረፋዱ አምስት ተኩል ሲሆን ቦሎቄው አራት ሰዓት ሙሉ ፈልቷል። ቃሪያ፣ የአሳማ ሥጋና ቲማቲም ገብቶበታል። ሰዎቹ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምረው እህል አልቀመሱም። በረቱ በኩል የጥጃ ጩኸትና የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይመጣል። ቢሆንም ወደ እሳቷ የተጠጋ የለም፤ ኔልዳ ሳትጣራ ክዳን የሚያነሣ ሰው በዚያ አገር አልተወለደም።

አንድ ሰው ብቻ ወረፋ አይመለከታትም። የሮይስ ምራት ሼልቢ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የጋሪው መጎተቻ እንጨት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ታሻለች።

«ሚስ ኔልዳ፣ ይሄ ልጅ እየረገጠኝ ነው። እሱም ሽታው ደረሰው መሰለኝ።»

«ለሁለት የምትበላ ሰው አትጠብቅም» አለች ኔልዳ፤ ክዳኑን በመንጠቆ አነሣችና በቆርቆሮ ሳህን ጨልፋ ሰጠቻት።

ይኸኔ ኦሪን ፌንቸር መጣ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ እግሩ ከፈረስ ብዛት ቅስት ሆኗል፤ ቡና ለመቅዳት ሰበብ የማያጣ ሰው ነው።

«እስቲ ዛሬ ምን አቃጠልሽልን?»

«ከንፋሱ በታች ዙርና ና! አቧራህን ድስቴ ላይ አታራግፍብኝ።»

«ቲማቲም ጨመረችበት ይላሉ። ድሮ ቦሎቄ ውስጥ ቲማቲም የጨመረ ሰው ፈረሱን ይቀማ ነበር።»

«ድሮ ውሸታምም ምላሱን ይቀማ ነበር። አንተ እንዴት እንደተረፍክ እንጃ።»

ኦሪን እየሳቀ ወደ ቡና ማንቆርቆሪያው ጎንበስ አለ። እንደጎነበሰ ቀረ። የሚያየው ቡናውን ሳይሆን የትልቁን ድስት ጆሮ ነው።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«ከገበያ ነዋ። ምነው?»

«ይሄን ናስ የበየደው አጎቴ ሆይት ነው። ስትሰበር እኔ ነበርኩ የጣልኳት።»

«ጎበዝ ነበር አጎትህ» አለች ኔልዳ። ቀልዱ እስኪመጣ ትጠብቃለች።

«ኔልዳ፣ የእርሳስ ማቅለጫው ነበረች።»

«እሱንስ ለሌላ ሰው ንገር።»

«ከጎማ ላይ የሚነቀለውን ማመዛዘኛ፣ የአሮጌ ባትሪ ሆድ ዕቃ፣ ያገኘውን ሁሉ በእሷ ነበር የሚያቀልጠው። ጥይት ይሠራል፣ ለዓሣ መንጠቆ ማስመጫ ይሠራል። ሲሞት ጎተራው በጨረታ ተሸጠ። የት እንደገባች አላውቅም ነበር።»

የኔልዳ እጅ ጭልፋው ላይ ቆመ። ይህ ሰው አንድ ፀደይ ላይ የሞተ እባብ በዱቄት በርሜሏ ውስጥ ጠቅልሎ አስቀምጦባታል። ሌላ ፀደይ ላይ ጨውና ስኳሯን አቀያይሮ አርባ ሰው ስኳር የተነሰነሰበት ሥጋ በልቷል። ባለፈው ፀደይ ጋሪሽ ተቃጠለ ብሎ በሌሊት ልብሷ አስሩጧታል። ሲዋሽ ግን የግራ ዓይኑ ጫፍ ይርገበገባል፤ ይህን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። አየችው። ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ይባስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ኦሪን ፌንቸር ባርኔጣውን ከቀብር በቀር አውልቆ አያውቅም።

ዞር አለች። ሼልቢ ማንኪያዋን ወደ አፏ እየወሰደች ነው።

«ሼልቢ! ጣይው!»

ድምፁ በብየዳ ቤት እሳት ሲነሣ የሚጮኸው ድምፅ ነበር። ማንኪያው ሣር ላይ ወደቀ። ኔልዳ አልሮጠችም፤ እሳት ዙሪያ አይሮጥም። ሄዳ ሳህኑን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ስንት ጊዜ ጎረስሽ?»

«ሁለት… ሦስት። ምንድነው? ሚስ ኔልዳ፣ ምንድነው?»

«ልነግርሽ ነው። መጀመሪያ አፍሽን ተጉመጥመጪና ትፊው።»

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ። ከፊት የመጣው ሮይስ ነው፤ ጓንቱ ለምልክት ከሚቆረጠው የጥጃ ጆሮ ደም በደም ሆኗል። ኔልዳ የሰማችውን በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ አላሳመረችውም።

«ኦሪን ነው እኮ!» አለ ሮይስ። «ሴትዮ፣ ኦሪን!»

«አውቃለሁ።»

«በሌሊት ልብስሽ ያስሮጠሽ ሰው!»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

«መቶ ሠላሳ ጥጃ ይቀረናል። ሰዎቹ ረኃብ ሊጥላቸው ነው። በአንድ ቀልደኛ ወሬ የአርባ ሰው ምሳ ልትደፊ ነው?»

«ይሄኛው ቀልድ አይደለም፣ ሮይስ» አለ ኦሪን በቀስታ።

«አንተማ ዝም በል! ስለ እባቡም እንዲሁ ነው ያልከው!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው «ትድፋውና የጥጃ ጆሮ እንብላ» አለ። ኔልዳ የሁሉም ዓይን እጇ ላይ እንዳለ ታውቃለች። መመርመሪያው ወረቀት ቤቷ ነው፤ ቤቷ ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ። ኦሪን ዋሽቶ ከሆነ ዕድሜዋን ሙሉ «ቦሎቄ የደፋችው ሴት» ተብላ ትቀራለች፤ ጋሪዋን የሚጠራ እርባታም አይኖርም። እውነት ከሆነ ግን አራት ሰዓት ሙሉ ቲማቲም ሲፈላበት ውሏል። ኮምጣጣ ነገር እርሳስን ከብረት ላይ እንዴት እንደሚስብ ለእሷ የሚነግራት ሰው አያስፈልግም።

ቁም ነገሩ ግን እሱም አልነበረም። ኦሪን ዋሸ አልዋሸ፣ ድስቱን መርምረሽዋል ወይ ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር መልሷ አንድ ነው። አልመረመረችውም።

«አካፋ አምጡልኝ» አለች።

ጋሪው ጥግ ላይ ከነበረው አካፋ ቀድሞ የያዘው ኦሪን ነው። ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፤ ጥልቅ፣ የእርባታው ውሾች ሊጭሩት የማይችሉት። ኔልዳና ሮይስ ድስቱን በዱላ ግራና ቀኝ ተሸክመው ገለበጡት። ትኩስ ቦሎቄ አፈሩ ላይ ተንቦጫቦጨ፤ እንፋሎቱ የሁሉንም ፊት መታ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ በስመ አብ» አለ። አፈር መለሱበት፣ ድንጋይ ጫኑበት።

ከዚያ ኔልዳ ተንበረከከች። ባዶውን ድስት ወደ ፀሐይ አዘነበለችና ሰንጢዋን አወጣች። የድስቱ ጎንና ወለል የሚጋጠሙበትን ስርጉድ መረጠች፤ የቀለጠ ነገር ተደፍቶ ሲወጣ ሁልጊዜ ትንሽ የሚቀረው እዚያ ነው። ጥቁሩ ማሟሻ ተቀረፈ። ከሥሩ ብረት ቢሆን ስለቱ ይንሸራተት ነበር። ስለቱ ገባ። እንደ አይብ ገባ። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተጠቅልላ ወጣች፤ የተቆረጠው ገጿ ብር ይመስላል። ከዱቄት ከረጢት ላይ ወረቀት ቀደደችና ቁራጯን ሳበችባት። ግራጫ መስመር ቀረ፤ እርሳስ ነው።

ወረቀቱን ለሮይስ ሰጠችው። ወደ ፀሐይ አድርጎ አየው።

«ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?» አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው በላቸው። ባልመረመርኩት ድስት አብስዬ ላበላቸው ነበር በላቸው። ከዚያ ሃምሳ ደቂቃ ይታገሡኝ።»

እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ለራት ያስቀመጠችውን ሥጋ አወጣች፤ ለአሥር ዓመት የምታውቃቸውን ሦስት ድስቶች ጣደች፤ በእርሾ የተቦካውን ሊጥ እየቆረጠች ደረደረች። ኦሪን ሳይጠየቅ ፍም ያመላልሳል፤ ከላይ አሥራ ስድስት፣ ከሥር ስምንት፣ እንዳለችው እየቆጠረ። አንድም ቀልድ አልወጣውም። ሃምሳ ደቂቃ ያለችው ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሰዎቹ ግን ቆመው በሉ፤ ሳህን የመለሰ የለም።

ከምሳ በኋላ ሼልቢን በራሷ መኪና ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ደም ተቀዳ። ውጤቱ በአራት ቀን ይደርሳል ተባለ።

በእነዚያ አራት ቀናት ኔልዳ ቤት ውስጥ አንድም ድስት አልተጣደም። ዳቦና አይብ በላች። የሰበሰበችውን ዕቃ ሁሉ ግቢ አውጥታ፣ አንድ በአንድ፣ ዓመታት የሠራችባቸውን ሳይቀር በወረቀቷ አሸች። ሁሉም ንጹሕ ነው። ይህ አላሳረፋትም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወረቀቷን ጥላ ትሮጣለች፤ አንዴ ጨረታ ነው፣ አንዴ እህቷ ናት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሼልቢ ደወለች።

«ሚስ ኔልዳ፤ ምንም የለም አሉኝ። ደሜ ውስጥ ምንም የለም። ከወር በኋላ ደግመው ያዩኛል።»

ኔልዳ አመሰገነቻት። ስልኩን ዘግታ ወደ ጓሮ ወጣች። ኦሪን አጥሩ ጋ መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ በየቀኑ እየመጣ ወሬ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው ሆኖ ነበር።

«ደህና ናት» አለችው።

ኦሪን ፊቱን በባርኔጣው ጠረገ። ቀጥሎ ግቢው መሐል የተቀመጠውን አሥራ አራት ቁጥር ድስትና አጠገቡ ያለውን ትልቅ መዶሻ አየ።

«አበባ ትከይባት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«አበባው ይደርቃል። እኔም እሞታለሁ። ጨረታ ይወጣል፤ አንዱ ያነሣታል፤ ያሟሻታል።»

«መቶ ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ኔልዳ።»

«አውቃለሁ።»

አፍንጫና አፏን ሸፈነች። እንዲህ ያለ ብረት አይታጠፍም፤ ወይ ይይዛል ወይ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ መታችው። እንደ ደወል ጮኸና ለሦስት ተከፈለ። የተሰበረው ገጽ ግራጫ፣ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ያለ፣ ያማረ ብረት ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መርዛማ ቆሻሻ ለሚረከቡት እንዲሄድ ቁርጥራጩን በባልዲ ለቀመች። በናስ የተበየደውን ጆሮ ግን በመጋዝ ለየችው፤ በሞረድ ፍቃ፣ በወረቀቷ አሽታ፣ ንጹሕ መሆኑን አይታ ለኦሪን ወረወረችለት።

ኦሪን ቀለበው። በአውራ ጣቱ የአጎቱን ብየዳ ዳሰሰ፤ ኪሱ ከተተው፤ ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«ስለ ቲማቲሙ ግን ልክ ነበርኩ» አለ።

ኔልዳ ባልዲውን እንደያዘች የግራ ዓይኑን አየችው። ትርገበገባለች።

«ውጣልኝ ከግቢዬ» አለችው፤ ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።