ፈረሰኛውን የበላሁበት ገና

ተልባ ሲቆላ ጠሽ ጠሽ ይላል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ሥራ እረሳለሁ። ተድሬ ኮን ከተማ ከገባሁ ስንት ዘመኔ፤ ጓዳውም የራሴ፣ ልጆቹም የራሴ ናቸው። ለገና ዋዜማ ተልባውን ብረት ምጣድ ላይ ስበትን ግን ላሊበላ ነኝ፣ ከአባቴ ጎን። ትናንትም እየቆላሁ ሳለ ሬዲዮው አንድ ሐኪም አቅርቦ «ከጾም በኋላ ቅባት በአንድ ጊዜ አታብዙ፣ በእግራችሁ ተንሸራሸሩ፣ አትጨናነቁ» ሲል ሰማሁና ሳቄ መጣ። እኔ ይህን ትምህርት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጨርሼዋለሁ። ያስተማሩኝም አባቴ ናቸው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም፣ ቀልዳቸው ቀጭን። ከምነግራችሁ ገና በፊት በነበረው ዓመት፣ አርባ ሦስቱን ቀን ጾመው፣ ሌሊቱን ማሕሌት ቆመው አድረው፣ ጠዋት ከቤዛ ኩሉ ዝማሬ እንደወጡ ዕረፍት ሳያደርጉ ሰባት ቤት ዞሩ። በሰባቱም ቤት ጮማ በልተው ጠላ ጠጡና ከሰባተኛው ቤት ደጃፍ ተዝለፍልፈው ወደቁ። በሰው ሸክም ነው የመጡልን። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ክንዳቸውን ጠፍራ ለካችና «የደም ግፊት ነው አባ። ጨው ይቀንሱ፣ ቅቤና ጮማ ይተው» አለቻቸው። እሳቸው ሲመለሱ «ጾሙን እግዜር አዘዘኝ፤ ፍስኩን ደግሞ ይቺ ልጅ ከለከለችኝ» ብለው ቀለዱ። እናቴ ግን አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም፤ ያን ቀን አራት ሰው ተሸክሟቸው ሲገባ እግራቸው እንዴት ተንጠልጥሎ እንደነበር ከዓይኔ አልጠፋም።

ተዉ ቢባሉስ እንዴት ይተዉት? በእኛ ሰፈር የገና ዳቦ ካህን ሳይባርከው አይቆረስም፤ የባረከም ሳይቀምስ አይወጣም። አንዱ «አፈር ስሆን» ይላል፣ ሌላዋ «በሞቴ» ትላለች። በሞቴ ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ የሚመልስ ሰው ላስታ ውስጥ ገና አልተወለደም።

እኔም በዚያ ዓመት ደህና አልነበርሁም። መስከረም ላይ ታይፎይድ ጥሎኝ ነበር። በሽታው ሄደ፣ የምግብ ፍላጎቴንም ይዞት ሄደ። የወጥ ሽታ ያጥወለውለኛል፤ እንጀራው አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። የትምህርት ቤት ቀሚሴን በገመድ አስሬ ነበር የምሄደው። ጾሙ ሲገባ «አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ይቅርብሽ» ቢሉኝም እምቢ ብዬ ጾምሁ። ከሃይማኖት አይደለም፤ በጾም ወቅት ለምን አልበላሽም ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። እናቴ ማታ ማታ የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ ትለካለች።

በዋዜማው አባቴ ጠሩኝ።

«ነገ ከእኔ ጋር ትዞሪያለሽ» አሉኝ። «ጉርሻ ሲመጣልኝ እቀበልና ለአንቺ አሳልፋለሁ። ከካህን እጅ ያለፈ ጉርሻ በረከት ነው፤ የሚቀየምብኝ የለም።»

«እኔ እኮ መብላት አልችልም፣ አባ።»

«እንግዲያ እኔው እበላዋለሁ። እንደ አምናው ቃሬዛ አዘጋጁ።»

እንዴት እንደተናደድሁባቸው! ግን ምን አማራጭ ነበረኝ? አባቴን እንዳላጣ መብላት ነበረብኝ።

ጠዋት ቤዛ ኩሉ ሲያበቃ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ተራ በተራ ሲበተን፣ ጠሐይዋ ገና ቀይ ነበረች። የአባቴ ጋቢ ጧፍ ጧፍ ይሸት ነበር። ቤት ስንደርስ እናቴ ተልባ በማር በጥብጣ ጠበቀችን። አባቴ ጽዋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ጠጡ። «ሆድ ተዘግቶ የከረመ ቤት ነው፤ በሩን ቀስ ብለሽ አንኳኪ» አሉኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ጋደም አልን። አምና ይህ ዕረፍት አልነበረም።

መጀመሪያ የገባነው ድንጋይ ጠራቢው ጎረቤታችን ቤት ነው። አባቴ ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ። ጠራቢው እጁን ታጥቦ ጉርሻ ጠቀለለላቸው፤ ጉርሻው በዚያ ትልቅ እጅ ላይ ትንሽዬ ሆና ታየችኝ። አባቴ በመዳፋቸው ተቀብለው «ለልጄ ይሁንልኝ» አሉና ወደ አፌ አመጧት። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥሁ። ለእሳቸው ጎመን ቀረበላቸው፤ ቀመስሁላቸው፣ ጨው የለውም። ዕድል ነው አልሁ።

አባቴ ባጃጅ አልተሳፈሩም። ከቤት ወደ ቤት ስንሄድ አጭሩን መንገድ ትተው በወይራዎቹ በኩል በዙሪያው ይወስዱኛል፤ መሐል ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ከሩቅ ከበሮ ይሰማል። «ሦስተኛው ቤት እየጠበቀን ነው እኮ» ስላቸው «በዓሉ አይሸሽም፤ የሚሸሸው የሰው ትዕግሥት ነው» ይሉኛል። ቁልቁል የተሳላሚውን ድንኳን እናያለን። እንደዚያ ያለ ዕረፍት ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አርፌ አላውቅም።

አራተኛው ቤት ላይ አንድ ነገር ሆነ። የኮረሪማ ሽታ መጣና አላጥወለወለኝም። ምራቄን ዋጥሁ። አፈርሁ፤ አባቴን ልጠብቅ ወጥቼ እንዴት ሆዳም እሆናለሁ?

አምስተኛው የክርስትና እናቴ ቤት ነበር። ዶሮው በቅቤ ተንቆጥቁጦ ቀረበ፤ ከሥጋዎቹ መሐል ለአባወራ ወይም ለክብር እንግዳ የሚወጣውን ፈረሰኛውን መርጠው ለአባቴ አወጡላቸው። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ያኔ ነው አምናው ትዝ ያለኝ፤ ወይም ያኔ ነው የራበኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አባ፣ እሱን ለእኔ!» አልሁ ጮክ ብዬ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ሴት ልጅ ፈረሰኛ ጠየቀች! ጉድ በሉ!» አሉ የክርስትና እናቴ። አባቴ ግን አልሳቁም። ፈረሰኛውን ሰጡኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። በርበሬው ነው ብዬ ውኃ አቀበልኋቸው። እኔ አጥንቱ እስኪነጣ በላሁ።

ሰባቱን ቤት ጨርሰን አመሻሽ ላይ አባቴ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። «ይኸው፣ ቆሜ መጣሁልሽ» አሏት እናቴን። እናቴ ግን የምታየው እኔን ነበር። ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆይታ ስትወጣ ዓይኖቿ ቀልተዋል። እኔ አባቴን አተረፍሁ ብዬ ኮራሁ። እስክዳር ድረስ በየገናው ጠባቂያቸው ሆኜ ዞርሁ፤ በየገናውም «ባልኖር ኖሮ» እያልሁ ተመጻደቅሁባቸው። አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም።

አባቴ ያረፉት በክረምት ነው፤ ድግስ በሌለበት፣ ሽሯቸውን በልተው በተኙበት። በቀጣዩ ገና ላሊበላ ሄድሁ። የክርስትና እናቴ ቤት ስገባ ዳቦውን የባረኩት ሌላ ካህን ነበሩ። መሶቡ ዙሪያ ተቀምጠን እኔ እንደ ልማዴ «አባቴን ከሞት ያተረፍሁበት ዓመት» ብዬ ስጀምር የክርስትና እናቴ ክንዴን ያዙኝ።

«አይ ልጄ፣ እስካሁን አልነገሩሽም?» አሉኝ። «ያን ጊዜ ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው መሪጌታ ሰባታችንም ቤት ዞረው ነበር። ‹ልጄ እህል ተዋት። ለራሷ ብላ አትበላም፤ ለእኔ ብላ ግን ትበላለች። ጉርሻውን ለስለስና አነስ አድርጉልኝ› አሉን። ለእሳቸውማ ያን ጨው የሌለው ጎመን እኛው ነን የቀቀልንላቸው።»

ሰባት ቤት ጨው የሌለው ጎመን! እንዴት አንድ ቀን አልገረመኝም? የጠራቢው ትንሽ ጉርሻ፣ የወይራው መንገድ፣ ወደ ግድግዳው የዞረው ፊት፣ የእናቴ ዓይን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ሰው ፊት ነው ሳልል ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስመጻደቅባቸው እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «እውነትሽን ነው፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» ይሉኝ ነበር።

የክርስትና እናቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ወጡ ሰደዱና ፈረሰኛውን አውጥተው በእንጀራ ጠቀለሉት።

«በሞቴ» አሉኝ። «የእሳቸው ድርሻ ናት።»

አልራበኝም ነበር። በላሁላቸው።