የእትዬ የሺ ቀኖና

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ

እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ጎጃም የተነሣሁት አክስቴን ተከራክሬ ላሸንፍ ነው። ከሳምንት በፊት ሰዒድ ደወለልኝ። ሰዒድ ይጁቤ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው፤ ለአክስቴ የምልከውን ዕቃ የሚቀበልልኝም እሱ ነው።

«እማማ የሺ ሱቄ ደጃፍ ላይ ወደቁ» አለኝ። «ስኳር በውሃ በጥብጬ በአፋቸው ባደርግ ነቁ። እኔ በሌለሁበት ቢወድቁስ?»

እትዬ የሺ እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። የስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪሟ ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር እንዲውጡ ነግራቸዋለች። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን ኪኒኑን ብቻ እየዋጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ እህል ይሽራል፤ ለእሳቸው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። መንገዱን ሙሉ ስልኬ ላይ ጥቅስ ስሰበስብ ሄድኩ፤ ዳዊት የተቀደሰውን ኅብስት መብላቱን፣ ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት እሸት መቅጠፋቸውን። ቀና ያልኩት የዓባይ ቁልቁለት ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ማዶው ገደል በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኗል፤ ዝንጀሮዎች አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ያያሉ።

ሉማሜ ላይ ለምሳ ቆምን። ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ።

«አሁን ነው የምትበዪው ወይስ ዘጠኝ ይሙላ?» አለችኝ ባለቤቷ።

«አሁን» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ታዲያ ምን ያሳፍርሻል? መንገደኛ አይደለሽ!» ብላ ሽሮውን ጨመረችልኝ።

ማክሰኞ፣ ይጁቤ

ከማርቆስ በሚኒባስ አቧራ እየጠጣን ይጁቤ ደረስን። ሰዒድን ለማመስገን ወደ ሱቁ ገባሁ። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል፤ እሱም ጾመኛ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«አክስቴ አመሰገኑህ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ሲነቁ ‹ጾሜን አስገደፍከኝ!› ብለው በገበያተኛው ፊት ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ።»

«ተቀየምካቸው?»

«ምን እቀየማለሁ፣ የእናቴ እኩያ ናቸው» አለ። ግን ልቡ ሥራው ላይ አልነበረም፤ አንዱን ከረጢት ሁለቴ አሰረው።

ከከተማው እስከ መንደሩ የአንድ ሰዓት እግር መንገድ ነው። አዝመራው ተነሥቶ ማሳው ላይ ገለባ ብቻ ቀርቷል። እትዬ የሺ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ሲጠብቁኝ አየሁ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ዐቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ፤ ካላጠብኩሽ ብለው እግሬን ሞቅ ባለ ውሃ አጠቡኝ፤ እራት አቀረቡልኝ። እኔ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ውለታቸው ስልኬን አውጥቼ የዳዊትን ታሪክ አነበብኩላቸው።

ጨርሰው ሰሙኝ። «ለዳዊት ኅብስቱን ማን ሰጠው?»

«ካህኑ።»

«ለእኔስ ማን ሊሰጠኝ ነው? ስልክሽ?»

ሳቃቸው መጣ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበደ።

«ልጄ፣ ባሌን ቀበርኩ። እናትሽን ቀበርኩ። ጉልበቴም ሄደ። ያልተወሰደብኝ ጾሜ ብቻ ነው። እሱንም ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ቤተ ክርስቲያን

በማግሥቱ የንስሐ አባታቸውን መምሬ አያሌውን ለማየት ሄድን። እትዬ ስለ ቀመሱት ስኳር ንስሐ ሊገቡ ነው። መምሬ በዲማ ገዳም ብዙ ዘመን ተቀምጠው መጻሕፍት የተማሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሊቅ ጠበቅ ያደርግባቸዋል ብዬ ፈርቻለሁ። እኔ ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ቀረሁ።

እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ተቆጥተው ተመለሱ።

«ቀኖና ሰጡኝ።»

«ስንት ስግደት?»

«ስግደት ቢሆንማ በወደድኩ! እስከ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ብዪ አሉኝ። ተደብቀሽም አይደለም፣ በርሽን ከፍተሽ ነው አሉኝ። ደግሞ ሰዒድን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቂ አሉ። ‹ከሞት ያነሣሽን ሰው አሳፍረሽ፣ ስለ ስኳሩ ታለቅሻለሽ?› አሉኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ እኮ ስለ እሱ አልነገርኳቸውም፤ ከገበያተኛው ሰምተው ነው። ኃጢአት መሆኑም አልታየኝም።»

መምሬ በትራቸውን ይዘው ወጡ። መስቀል አሳለሙኝና፣ «እሷ የነገረችኝን አልነግርሽም» አሉኝ። «አንቺ ግን ጥቅስ ታጥቀሽ መጣሽ አሉ። እሸቱን የቀጠፉት እኮ ርቧቸው ነው፤ ለመከራከር አይደለም።»

ፊቴ ጋለ።

«ሲመክሯት እንቢ ትላለች፤ ቀኖና ግን አታፈርስም» አሉ አክስቴን እያዩ። «እንዲህ ያለች ልጅ ስታገኚ ምን ታደርጊያለሽ? ምሕረቱን በትእዛዝ ትሰጫታለሽ።»

ሐሙስ፣ ቁርስና ገበያ

እትዬ በሩን ከፍተው የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረቡ። ረዥም ጸሎት አደረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሲጎርሱ እንባቸው ወረደ፤ እኔም አላባበልኳቸውም፤ አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው በላሁ። ከዚያ ኪኒኑን ዋጡና፣ «እንሂድ፣ ወኔዬ ሳይከዳኝ» አሉ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። የሰዒድ ሱቅ ሰው ሞልቶበታል። እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሰዒድ! የጮኽኩብህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታ የምልህም በሰው ፊት ነው።»

ጉልበቱን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ ሰዒድ ከባንኮኒው ጀርባ ሮጦ ወጥቶ ያዛቸው።

«ኧረ እማማ! በአላህ፣ እንዲህ አያድርጉ!»

«ይቅር ብያለሁ በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ።» ዓይኑን በእጁ ጠረገ። «ቁርስ ቀምሰዋል?»

«ቀምሻለሁ። አንተስ?»

«እኔማ ጾመኛ ነኝ።»

«ተመስገን» አሉ እትዬ። «አንዳችን እንኳ እንጹም።»

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። ሰዒድ ግን ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ከተመለስኩ በኋላ

አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ትክክል የሆነ ቃል ይዤም ያለ ፍቅር መሄድ እንደምችል ነው። እትዬ ግን ከእኔ የበለጠ ነገር ሳይማሩ አልቀሩም። ትናንት ደወሉልኝ።

«ጎረቤቴን ማናለብሽን ታውቂያት የለ? የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በር ላይ ስበላ አይታኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መምሬ ብዪ ካሏት ቆይተዋል። ለካ እኔ እንዳላያት ጓዳ ተደብቃ ነበር የምትበላው። እኔን ፈርታ፣ ልጄ። እግዜርን አይደለም፣ እኔን።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ትልቁን ቁራሽ ሰጠኋት።»